መስኮቱን ከማስደፈናችሁ በፊት



ከባለቤቴ ጋር ለጉብኝት ወደየቤቱ ስንሄድ ከጸሎት ርእሱ ሌላ፣ ቡናው ከተጠጣ በኋላ፣ አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። የቤቱ እመቤት ወደ ጓዳ ይዛኝ ትገባና በእጇ እያሳየች “እስቲ ይሄን መስኮት ባስደፍነውስ? ምን ትያለሽ?” ትለኛለች። ምክንያቱ እንደየቤቱ ይለያያል። አንዷ ሌባ አስቸግሯታል። ሌላዋ ጎረቤቷ አዲስ ፎቅ ሠርቶ ማጀቷን ቁልቁል እያየባት ነው። ከኋላ ሰርቪስ ሠርታ ለማከራየት ያሰበች አለች። ቁም ሣጥን የምታቆምበት ግድግዳ አጥታ መስኮቱን መሥዋዕት ልታደርግ የተነሣችም አጋጥማኛለች። ባለቤቴ በእንዲህ ያለው ጉዳይ አስተያየት አይሰጥም፤ የዶሮ ቤታችንን የሠራው እርሱ ስለሆነ ማንም አይጠይቀውም። እኔን የሚጠይቁኝ ግን አባቴ ግንበኛ እንደነበረ ስለሚያውቁ ነው። ልጅ ሆኜ ቱንቢ እይዝለት፣ ሲባጎ እወጥርለት ነበር።

አባቴ መስኮት ድፈን ሲባል ሁልጊዜ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነበረው፤ “መስኮቱ ምን ይሠራ ነበር?” ይላል። ሰዎቹ ግራ ይገባቸዋል። መስኮት ምን ይሠራል? ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ለእናንተ ላቀርብ ወደድሁ። ለምን እንደምጠይቅ በአንድ የማውቀው ቤት ልጀምር።

አንዲት እህት ከሁለት ሴቶች ልጆቿ ጋር በምትኖርበት ቤት የመኝታ ክፍሉ መስኮት ወደ ኋላ መንገድ ይከፈት ነበር። አንድ ሌሊት ሌባ እጁን አሾልኮ የልጅቱን ቦርሳና የትምህርት ቤት ሹራቧን ወሰደ። እናት ደነገጠች። በማግስቱ ሰው ጠርታ መስኮቱን በብሎኬት አስደፈነችው፤ በግማሽ ቀን አለቀ፣ ከውስጥም ከውጭም ተለሰነ፣ ተኛች። ወሩ ሚያዝያ ስለነበረ ምንም አልተሰማትም። ሐምሌ ሲገባ ብርዱ በረታ። ቡና ያፈላችበትን ምድጃ፣ ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ቀይ ፍም ሆኖ ሳለ፣ “ክፍሉን ያሙቅልን” ብላ ከልጆቿ ጋር አስገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያ በፊትም ስታደርገው ኖራለች። ነገር ግን ያን ጊዜ ያረጀው የእንጨት መስኮት በስንጥቁ ሁሉ ነፋስ ያስገባ ነበር። አሁን ስንጥቅ የለም። ሌሊት ታላቂቱ ልጅ ሊያስመልሳት ፈልጋ ተነሣች፤ ጉልበቷ ከዳት፤ በር ላይ ወደቀች። የወደቀችበት ድምፅ ጎረቤት አነቃ። ሦስቱም በሕይወት አሉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሙ ግን ጥቂት ቢቆዩ ኖሮ እንደማይነቁ ነግሯቸዋል።

እናቶች ሆይ፣ ይህን ነገር በደንብ እንያዘው። ብዙዎቻችን አደገኛው ጭሱ ይመስለናል፤ ከሰሉ ፍም ሲሆን “አሁንማ ጠርቷል” እንላለን። ገዳዩ ግን የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፤ ከቀላው ፍምም ይወጣል። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ በሆነው ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል ማለት ነው። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ነው። የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን ሳያውቀው ያልፋል። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ በሩን ከፍቶ ሰውየውን ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ከዚያም በፍጥነት ወደ ሕክምና ማድረስ ነው። ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያወጣውም፤ ራሱን ለሳተ ሰውማ ማጠጣት ሌላ አደጋ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፦ መስኮቱ ሲተነፍስላችሁ ኖሯል፤ ተዘግቶ ሳለም እንኳ።

ሁለተኛው ሥራው ከዚህ ይልቅ ቀስ ያለ ነው። አምስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሲያድር ከትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት መሄጃ ይፈልጋል። መሄጃ ካጣ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፋል፤ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ከኮርኒሱ ጥግ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል፤ ልብስ ይሸታል፤ አስም ያለበት ልጅ ይባስበታል። የቲቢ ተሕዋስ ያለበት ሰው በቤቱ ካለ ደግሞ አየሩ ካልተለወጠ ያው የሳለው አየር ለሁሉም ይዳረሳል። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነበር። በሮችና መስኮቶች ሲከፈቱ የክፍሉ አየር በአማካይ በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ተለዋወጠ። በማሽን አየር የሚለወጥላቸው ዘመናዊ ክፍሎች 12 ጊዜ ነበሩ። ከሁሉ የተሻሉት ደግሞ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆነ የድሮ ሕንፃዎች ሆነው ተገኙ።

መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ዘሌዋውያን 14ን ስናጠና ስለ ቤት ደዌ የሚናገረው ክፍል ላይ የሚሣቁ ተማሪዎች ነበሩ። እኔ ግን አባቴ ትዝ አለኝ። ካህኑ ቤቱን ባዶ ያስደርጋል፣ ሰባት ቀን ይዘጋዋል፣ ደዌው ያለበትን ድንጋይ ያስወጣል፣ በቦታው ሌላ ድንጋይ ይገባል፣ እንደገና ይመረጋል። ግድግዳ ነክቶ መመለስ የቤተ ሰቡን ጤና የሚነካ ነገር መሆኑ በዚያን ዘመንም ይታወቅ ነበር።

መንግሥት ራሱ ሕዝቡን መስኮት እንዲደፍን ያደረገበት ጊዜም አለ። በእንግሊዝ አገር በ1696 እ.ኤ.አ. በመስኮት ቁጥር ላይ ግብር ተጣለ። ከ10 መስኮት በታች ያለው ቤት 2 ሺሊንግ ይከፍላል፤ ከ10 እስከ 19 ያለው 6፤ 20ና ከዚያ በላይ ያለው 10 ሺሊንግ። ሐሳቡ ሀብታም ብዙ መስኮት ስላለው ብዙ ይክፈል የሚል ነበር። ቆጣሪው ቤት መግባት አያስፈልገውም፤ ውጭ ቆሞ ይቆጥራል። ታዲያ ሰው ምን አደረገ? ጡብና ኖራ አመጣ። በኋላ መነሻው ዝቅ ብሎ ከ10 ያነሱ መስኮቶች ያሏቸውም ቤቶች የሚከፍሉበት ጊዜ መጣ። ይበልጥ የተጎዱት ድሆች ናቸው። በከተማ ብዙ ቤተ ሰብ የሚከራይበት ትልቅ ቤት እንደ አንድ ቤት ስለሚቆጠር አከራዩ ግብሩን ለማቅለል የደረጃውንና የኮሪደሩን፣ የተከራዮቹንም መስኮት ይደፍን ነበር። በዚያ ጨለማና እርጥበት ውስጥ ልጆች አደጉ። ሐኪሞች እየጮኹ ግብሩ የተሻረው በ1851 ነው፤ 155 ዓመት ሙሉ ማለት ነው። ፈረንሳይም ከ1798 እስከ 1926 የበርና የመስኮት ግብር ነበራት። ዛሬም በእንግሊዝ ከተሞች በጡብ የተሞሉ የመስኮት ቦታዎች ይታያሉ። እዚያ ያላችሁ አንባቢዎቻችን አይታችሁ ይሆናል። ሁሉም ግን የግብሩ ምልክት አይደለም፤ አንዳንዱ ለቤቱ መልክ ሲባል ከመጀመሪያውም ድፍን ሆኖ የተሠራ ነው።

አሁን ወደ ጓዳችን እንመለስ። ችግራችሁ ሌባ ከሆነ ከብሎኬቱ በፊት የብረት ፍርግርግ አስቡ። በምትተኙበት ክፍል ያለው ፍርግርግ ግን ከውስጥ የሚከፈት፣ ቁልፉም ልጅ በሚደርስበት ቦታ የተሰቀለ ይሁን፤ በሩ በኩል እሳት ቢነሣ መውጫችሁ እርሱ ነው። ችግሩ የጎረቤት ዓይን ከሆነ መስኮቱን ከታች ግማሹን ደፍናችሁ የላይኛውን መተው ይቻላል። ሰው ቆሞ የማያይበት፣ ብርሃንና አየር ግን የሚገባበት መስኮት ይሆንላችኋል። ጎረቤት ከፎቅ ቁልቁል የሚያይ ከሆነ ደግሞ ሻካራ መስታወት ይሻላል። ቁም ሣጥን ለማቆም ብላችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ቁም ሣጥኑን ሽጡት።

ክፍሉ ሌላ መስኮት ካለው፣ ወይም የግድ መዘጋት ካለበት፣ በደንብ ይዘጋ። በዚህ ላይ ትንሽ ልዘገይ፤ ምክንያቱም ግንበኛ ጠርተን ሒሳብ ከፍለን ምን እንደተሠራልን የማናውቅ ብዙዎች ነን።

በመጀመሪያ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ እዩ። የብሎኬት ግድግዳ በብሎኬት፣ የሸክላ ጡብ በጡብ ይደፈናል። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ጡብና ሲሚንቶ አታስገቡበት። የጭቃ ግድግዳ በክረምት ይረጥባል፣ በበጋ ይሸበሸባል፣ ከእንጨቱ ጋር ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶ አይንቀሳቀስም፣ ከጭቃም ጋር አይያያዝም፤ ዓመት ሳይሞላው ዙሪያውን ይለቃል። የጭቃ ቤት መስኮት እንደ ቤቱ በማገርና ጭድ ገብቶበት በደንብ በቦካ ጭቃ ይደፈን። የኪራይ ወይም የቀበሌ ቤት ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ባለቤቱን ማስፈቀድ፣ የግላችሁም ቢሆን ወረዳ ሄዶ መጠየቅ ኋላ ከሚመጣ ጣጣ ያድናል።

ከዚያ ልኬቱ። 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 የሆነ መስኮት 1.2 ካሬ ሜትር ነው። 40 በ20 በሆነው ብሎኬት 15 ያህል ይፈጃል። 25 በ12 በ6 በሆነው ጡብ ግድግዳው የአንድ ጡብ ወርድ ብቻ (12 ሳንቲ) ከሆነ 66 ያህል፣ 25 ሳንቲ ከሆነ የዚያ እጥፍ። ለስባሪ ጥቂት ጨምሩ። ሰው 40 ብሎኬት አስገዙ ካላችሁ አሁን መቁጠር ታውቃላችሁ።

የእንጨቱ ክፈፍ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ውስጥ ተቀብሮ የቀረ እንጨት ምስጥ ይጠራል። ከመስኮቱ በላይ ያለውን አርኪትራቭ ግን ማንም እንዳይነካው፤ ከበላዩ ያለውን ግድግዳ የተሸከመው እርሱ ነው። በጠርዙ ዙሪያ ያለው አሮጌ ልስን 10 ሳንቲ ያህል ይላጥ፤ አዲሱ ብሎኬት ከአሮጌው ብሎኬት ጋር እንጂ ከልስን ጋር አይጋጠምም። አቧራው ይጠረግ፣ ውኃ ይረጭበት። የሸክላ ጡብ ከሆነ አስቀድሞ ውኃ ውስጥ ይነከር፤ ደረቅ ጡብ የሲሚንቶውን ውኃ ጠጥቶ ያደርቀዋል፣ ሳይጠነክር ይቀራል። ብሎኬት ግን ለመርጠብ ያህል ብቻ ነው።

የሲሚንቶው ጭቃ 1 ሲሚንቶ ለ4 አሸዋ ይበቃዋል፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት መስፈሪያ ይለኩ፤ ሲሚንቶውን በባልዲ፣ አሸዋውን በአካፋ “በግምት” አይሆንም። አሸዋው አፈር እንዳለበት ለማወቅ በጠርሙስ ግማሽ አሸዋ ጨምራችሁ ውኃ ሙሉበትና ነቅንቃችሁ አስቀምጡት። ከላዩ ወፍራም የአፈር ድልዝ ካረፈ ይታጠብ። የተቦካው ጭቃ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይለቅ። ምሳ ተበልቶ ሲመለሱ ደርቆ ሲገኝ ውኃ ጨምሮ እንደገና ማሸት ደካማ ያደርገዋል። አባቴ በዚህ ነገር ሲቆጣ ነው ድምፁን የሰማሁት።

አዲሱ ከአሮጌው ጋር እንዲያያዝ ግንበኛው በየሁለት ረድፉ ከጎን ካለው ግድግዳ እየሰበረ ጥርስ ያስገባል፤ ወይም ቀጭን ፌሮ ወደ ግድግዳው ቦርቡሮ ይቀብራል። ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ይህን ነው። መጋጠሚያው 1 ሳንቲ ያህል ይሁን፤ ረድፉ በውኃ ልክ፣ ቁመቱ በቱንቢ ይታይ። የመጨረሻው ከአርኪትራቩ ሥር ያለው ክፍተት በዚያው ቀን አይሞላ። ጭቃው ሲደርቅ ጥቂት ይወርዳል፤ በማግስቱ ደረቅ ባለ ጭቃና በስባሪ ተጠቅጥቆ ይሞላ። ከዚያ እርጥብ ጆንያ ተሰቅሎበት ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣ። ልስኑ ከዚያ በኋላ ነው። በአዲሱና በአሮጌው መጋጠሚያ ላይ ወደ ሁለቱም በኩል 15 ሳንቲ የሚያልፍ የሽቦ ወንፊት ተቸንክሮ በላዩ ሁለት ጊዜ ይለሰን። በግማሽ ቀን ደፍኖ፣ ለስኖ፣ ሒሳብ የሚቀበል ሰው የቀረውን ሥራ ለእናንተ ትቶ ነው የሄደው፤ በሦስተኛው ወር የመስኮቱን ቅርፅ ይዞ የሚመጣው ስንጥቅ ይነግራችኋል።

በርን ስለ መድፈን የቀረኝ አለ። በር ከመስኮት ይለያል፤ በመስኮት አየር ነው የሚያልፈው፣ በበር ግን ሰው ያልፋል።

በ1961 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር በርሊን ከተማ ለሁለት ስትዘጋ በርናወር ሽትራሰ የሚባል መንገድ ነበር። በአንዱ ጎን ያሉት ቤቶች የምሥራቅ ሆነው፣ በራቸው የሚወጣበት የእግረኛ መንገድ ግን የምዕራብ ነበረ። ሰው ከሳሎኑ ወጥቶ ሌላ አገር ይገባል። በመጀመሪያ የምድር ቤቱ በርና መስኮት በጡብ ተደፈነ። ሰዎች ከላይኛው ፎቅ መስኮት መዝለል ጀመሩ፤ የምዕራብ እሳት አደጋ ሠራተኞች መረብ ዘርግተው ይቀበሉ ነበር። ኢዳ ዚክማን የተባለች ሴት በኦገስት 22 ዘልላ ሕይወቷ አለፈ፤ በማግስቱ 59 ዓመት ይሞላት ነበር። ከዚያ የላይኞቹም መስኮቶች ተደፈኑ፤ ነዋሪዎቹም ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ። ይህ በመንግሥታት መካከል ያለ ነገር ነው ልትሉ ትችላላችሁ።

እኔ ግን የማውቀው አንድ ግቢ አለ። አባት ሲሞቱ ቤቱ ለሁለት ወንድማማቾች ተከፈለ። ሳሎኑ ለታላቅ፣ መኝታ ክፍሎቹ ከሰርቪሱ ጋር ለታናሽ፤ በመካከል አንድ በር። በክፍፍሉ ተጣልተው ስለነበር ታናሽየው በሩን ለማስደፈን ግንበኛ አመጣ፤ ጡቡም ግቢ ውስጥ ወረደ። እናት ከታናሹ ጋር ይኖራሉ። እኔና ባለቤቴ ሽማግሌዎቹ ተሳክቶላቸው እንደሆነ ልናይ የሄድነው በዚያን ቀን ነበር። አልተሳካላቸውም። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ወጥተዋል።

እናትየው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ግንበኛው ግድግዳውን በመሮ ሲመታ ይሰማሉ። ድንገት ተነሡና ወደ ውስጥ ገብተው “አንተ ልጄ፣ ምን እያደረግህ ነው?” አሉት።

“ጥርስ እያወጣሁለት ነው፣ እማማ። ከግድግዳው ጋር እንዲያያዝ።”

“አታያይዘው።”

“ካልተያያዘ ይሰነጠቃል እኮ፣ እማማ።”

“ይሰንጠቅ።”

ግንበኛው ወደ ታናሽየው ተመለከተ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆየና “እንዳለችህ አድርግ” አለ። ግንቡ ያለ ጥርስ፣ ቀጥ ባለ መጋጠሚያ ተሠራ፤ ከላይ አርኪትራቩ እንዳለ ነው። እንደተባለውም ለመስቀል ሳይደርስ ሁለት ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ወረደ፤ የበሩን ልክ ይዞ። ታናሽየው ሊያስለስነው ሁለት ጊዜ ሲሚንቶ ገዝቶ ነበር። እናቱ አንዱን ለበረንዳው ደረጃ አሠሩበት፣ ሌላው ጎተራው ሥር ተቀምጦ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ባለፈው ወር ስንሄድ የታላቅየው ሕፃን ልጅ በወዲያኛው በኩል ስንጥቁ ላይ አፉን አድርጎ “አያዬ!” እያለ ሲጣራ ሰምተናል፤ እርሳቸውም በወዲህ በኩል ወንበራቸውን ወደዚያ አስጠግተው ነበር።